ስለ ማኒ ትምህርት፥ ከቡድሃ ሃይማኖትና ከግሪክ ፍልስፍና ጋራ ስለ መገናኘቱ

ክፋት ከወዴት መጣ? ሰው ይህን ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ሲጠይቅ ኖሯል። እናት የታመመ ልጇን ታቅፋ ስታለቅስ፥ ገበሬ አዝመራውን አንበጣ ሲበላበት፥ ደግ ሰው ተንገላትቶ ክፉ ሰው ሲሾም በታየ ጊዜ፥ ጥያቄው በእያንዳንዱ ሰው ልብ ይነሣል። ለዚህ ጥያቄ ቍርጥ ያለ መልስ ለመስጠት ከደፈሩት ሰዎች አንዱ ማኒ ነው። መልሱ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን የስሕተቱን ሥር ሳይመረምሩ መናፍቅ ነው ብሎ ብቻ ማለፍ አንባቢን አይጠቅምም፤ የተወገዘውም ስሕተት ስሙን ለውጦ በገዛ ቤታችን ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ ይህ ትምህርት በምሥራቅ ከቡድሃ ሃይማኖት፥ በምዕራብም ከግሪክ ፍልስፍና ጋራ በተገናኘ ጊዜ ምን እንዳገኘና በምን እንደ ተፈተነ እንመልከት።

ማኒ የተወለደው በ216 ዓመት በባቢሎን አገር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።) አባቱ፥ ኤልክሳያውያን ከሚባሉ፥ ጥምቀትን ከሚደጋግሙና መብላቸውን ሳይቀር በውሃ ከሚያነጹ ሰዎች ማኅበር ገብቶ ነበርና ልጁም በዚያ አደገ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው፥ ኋላም በሃያ አራት ዓመቱ፥ መንትያዬ ብሎ የሚጠራው መንፈስ ተገልጦ እንዳስተማረው ይናገር ነበር። ከማኅበሩ ከተለየ በኋላ ወደ ሕንድ ሄደ፤ ተመልሶም በፋርስ ንጉሥ በቀዳማዊ ሻፑር ፊት ቀረበና እንዲሰብክ ተፈቀደለት። ለዚሁ ንጉሥ ሻቡራጋን የተባለውን መጽሐፍ በፋርስ ቋንቋ አዘጋጀለት፤ ሌሎቹን መጻሕፍቱን የጻፈው ግን በሱርስት ነው። ሻፑር ከሞተ በኋላ፥ በቀዳማዊ ባህራም ዘመን፥ የዞሮአስተር ሃይማኖት ካህናት ተነሡበት። በ270ዎቹ ዓመታትም በጎንደሻፑር ከተማ በሰንሰለት እንደ ታሰረ በወህኒ ቤት ሞተ።

የትምህርቱ መሠረት ሁለት ሥሮችና ሦስት ዘመኖች ይባላል። ሁለቱ ሥሮች ብርሃንና ጨለማ ናቸው፤ ሁለቱም ያልተፈጠሩና መጀመሪያ የሌላቸው ናቸው። በመጀመሪያው ዘመን ተለያይተው ይኖሩ ነበር። በሁለተኛው ዘመን ጨለማ ብርሃንን አይቶ ተመኘና ወደ ድንበሩ ወጣ። የታላቅነት አባት የሚባለውም የብርሃን አምላክ የመጀመሪያውን ሰው ከአምስት ልጆቹ ጋራ ለጦርነት አሰለፈ፤ እነሱ ግን ተሸነፉና የብርሃን ክፍል በጨለማ ተዋጠ። ይህ ዓለም የተሠራው የተዋጠውን ብርሃን አጣርቶ ለማውጣት ነው፤ በሦስተኛውም ዘመን ሁለቱ ለዘለዓለም ይለያያሉ። የሰው ነፍስ የዚያ የተማረከው ብርሃን ቍራጭ ናት፤ ሥጋው ግን የጨለማ ሥራ ነው።

ከዚህ የተነሣ ምእመናኑ በሁለት ይከፈሉ ነበር። ምርጦች የሚባሉት አያገቡም፥ ሥጋ አይበሉም፥ ወይን አይጠጡም፥ መሬት አያርሱም፥ ተክል አይቈርጡም፤ ብርሃን በተክሉ ውስጥ ታስሮ ይሠቃያል ብለው ያምናሉና። ሰሚዎች የሚባሉት ግን ያገባሉ፥ ያርሳሉ፥ ይነግዳሉ፤ ለምርጦቹም ሐብሐቡንና ኪያሩን አምጥተው ያቀርቡላቸዋል፤ ምርጡም በበላው ጊዜ በውስጡ ያለው ብርሃን ከእስራቱ ይፈታል። እንግዲህ ልብ በሉ። ሐብሐቡን የቈረጠው ሰሚ በደለኛ ነው፤ የበላው ምርጥ ግን ንጹሕ ነው። የራሱን እጅ ንጹሕ ለማድረግ የሌላውን እጅ የሚያሳድፍ ቅድስና በሌላ ቦታም እናገኘዋለን፤ ስለዚህ በማኒ ብቻ መሳቅ አይገባም።

ይህን ትምህርት ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የምናውቀው ከጠላቶቹ ጽሕፈት ነበር። ጠላት የጻፈው ሁሉ ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ተከሳሹ ሳይሰማ የተፈረደ ፍርድ ጐደሎ ነው። በእኛ ዘመን አካባቢ ተከሳሹ ራሱ መናገር ጀምሯል። ከ1902 እስከ 1914 ዓመት የጀርመን ሊቃውንት በመካከለኛው እስያ በቱርፋን አካባቢ የማኒን ሰዎች ልዩ ልዩ ጽሑፎች ከፍርስራሽ ውስጥ አገኙ። በ1929 ዓመት በግብፅ በፋዩም አውራጃ፥ በመዲነት ማዲ፥ በቅብጥ ቋንቋ የተጻፉ መጻሕፍታቸው ተገኙ። በ1970 ዓመትም፥ በኮሎኝ ከተማ የሚገኝ፥ ቁመቱ ከአንድ ጣት የማይበልጥ የብራና መጽሐፍ፥ የማኒን የወጣትነት ታሪክ በግሪክ ቋንቋ የያዘ መሆኑ ተገለጠ።

ለኢትዮጵያ ሰው በነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ሁለት የሚያስደንቁ ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛው፥ ከመዲነት ማዲ መጻሕፍት አንዱ፥ ኬፋላያ የሚባለው፥ የዓለምን አራት ታላላቅ መንግሥታት ሲቈጥር የባቢሎንንና የፋርስን መንግሥት፥ ሮምን፥ አክሱምን፥ ሊቃውንት ቻይና ናት የሚሏትን ሲሊስንም መጥራቱ ነው። ሁለተኛው፥ ማኒ ከጻፋቸው መጻሕፍት አንዱ መጽሐፈ ረዓይት፥ ማለት የግዙፋን ሰዎች መጽሐፍ፥ መሆኑ ነው። ይህም መጽሐፍ በግዕዝ ብቻ ሙሉ ሆኖ ከተጠበቀልን ከመጽሐፈ ሄኖክ ታሪክ ጋራ የተዛመደ ነው። ስለዚህ የማኒ ነገር ከኛ ፈጽሞ የራቀ ተረት አይደለም።

አሁን ወደ ምሥራቁ ጕዳይ እንሂድ። ማኒ ከእሱ በፊት ቡድሃ ለሕንድ፥ ዞሮአስተር ለፋርስ፥ ኢየሱስም ለምዕራብ አገር እንደ ተላኩ፥ እሱም በመጨረሻ ለባቢሎን እንደ ተላከ በሻቡራጋን መጻፉን አል ቢሩኒ የተባለው ሊቅ ተርኮልናል። የቀድሞዎቹ መምህራን ትምህርታቸውን በገዛ እጃቸው አልጻፉም፥ በአንድ አገርና በአንድ ቋንቋም ተወስነው ቀሩ፥ የእኔ ግን ለሁሉም አገርና ለሁሉም ቋንቋ ነው ይል ነበር። ተከታዮቹም ይህን ትእዛዝ አድርገው ያዙት። በሄዱበት አገር የአገሩን ቋንቋ ብቻ ሳይሆን የአገሩን የሃይማኖት ቃል ጭምር ወሰዱ። የመምህራቸውን ሞት የቡድሃ ዕረፍት በሚጠራበት ስም ጠሩት፤ በቻይና ቋንቋ በተጻፈው መዝሙራቸውም ኢየሱስን ሳይቀር ቡድሃ ብለው ሰየሙት። በ731 ዓመት የቻይና ንጉሠ ነገሥት ሹዋንዞንግ ስለ ሃይማኖታቸው እንዲያስረዱ ባዘዛቸው ጊዜ፥ ባቀረቡት ጽሑፍ ማኒን የብርሃን ቡድሃ አሉት።

ንጉሠ ነገሥቱ በነገሩ አልተደሰተም። በሚቀጥለው ዓመት፥ ይህ ሃይማኖት የቡድሃን ስም በሐሰት የለበሰ ነው ብሎ ቻይናውያን እንዳይከተሉት ከለከለ፤ የውጭ አገር ሰዎች ግን የገዛ ሃይማኖታቸው ስለሆነ እንዲይዙት ተወላቸው። በ763 ዓመት ገደማ የኡይጉሮች ንጉሥ ቦጉ ካን ሃይማኖቱን ተቀብሎ የመንግሥቱ ሃይማኖት አደረገው። የኡይጉሮች መንግሥት በ840 ዓመት በወደቀ ጊዜ ግን ጠባቂ አጣ፤ በ843 ዓመትም በቻይና መቅደሶቹ ተዘጉ፥ መጻሕፍቱም ተቃጠሉ። ተርፎ የቀረው በደቡብ፥ በፉጅየን አገር፥ ተሸሽጎ ነው። እዚያ ጭንዥያንግ በሚባለው አውራጃ፥ ጻውአን በተባለው ትንሽ መቅደስ፥ በ1339 ዓመት በድንጋይ ላይ የተቀረጸ የማኒ ምስል እስከ ዛሬ ተቀምጧል። የአካባቢው ሰዎች ማን እንደ ሆነ ሳያውቁ ቡድሃ ነው ብለው ሲያከብሩት ስለ ኖሩ ከጥፋት ዳነ። በ2021 ዓመትም የኳንዡ ከተማ ታሪካዊ ስፍራዎች በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገቡ ከነሱ አንዱ ሆነ።

ብዙ ሰዎች ይህን ታሪክ እያዩ፥ ማኒ ከቡድሃ፥ ከዞሮአስተርና ከክርስትና ጥቂት ጥቂት ወስዶ የቀላቀለ ሰው ነው ይላሉ። ይህ ፍርድ ቀላል ነው፤ ግን ትክክለኛ አይደለም። የቀላቀለው ልብሱን ነው እንጂ አካሉን አይደለም። ለዚህ ማስረጃው የቡድሃ ትምህርት ራሱ ነው። ቡድሃ የሥቃይ ሥር ምኞት ነው ብሎ ያስተምራል፤ ምኞትም ከውጭ አገር የመጣ ወራሪ ሳይሆን በሰው ልብ ውስጥ የሚበቅል፥ ሰውም በትጋት ሊነቅለው የሚችል ነገር ነው። በቡድሃ ትምህርት የጨለማ ንጉሥ ከብርሃን ንጉሥ ጋራ ዙፋን አይካፈልም፤ በሥጋ ውስጥ ተማርኮ የተቀመጠ የማይለወጥ የብርሃን ነፍስም የለም። ስለዚህ የማኒ ሰዎች የቡድሃን ስም በወሰዱ ጊዜ፥ ሥራቸው የሰውን ካባ ለብሶ በሰውዬው ደጅ እንደ መቆም ሆነ። በዚያ ደጅ ሊጠየቁት የሚገባ ታላቅ ጥያቄ ነበር፤ ይኸውም ክፋት ከውጭ ነው ወይስ ከውስጥ? የሚለው ነው። ስሙን ተበደሩ፥ ጥያቄውን ግን አልተበደሩም። በመጨረሻም ልብሱ ለባሹን ዋጠው፤ በጻውአን የተቀመጠው ምስል በአምላኪዎቹ ዘንድ ማኒ መሆኑ ቀርቶ ቡድሃ ሆነ።

በምዕራብ የሆነው ከዚህ የተለየ ነው። በ243 ዓመት ጵሎቲኖስ የተባለው ታላቅ ፈላስፋ፥ የፋርስንና የሕንድን ጥበብ ለመማር ፈልጎ፥ ፋርስን ለመውጋት ከሚዘምተው ከሮም ንጉሥ ከጎርዲያኖስ ሠራዊት ጋራ አብሮ ሄደ። ማኒም ከሻፑር ጋራ ዘምቶ እንደ ነበረ ተጽፏል። ሁለቱ ሰዎች እንደ ተገናኙ የሚያስረዳ ምንም ማስረጃ የለም፤ ነገር ግን ሐሳባቸው ኋላ በግብፅ ምድር ተገናኘ። በ300 ዓመት ገደማ እስክንድር የተባለ፥ ዛሬ አስዩጥ የምትባለው የሊቆጶሊስ ከተማ ሰው፥ የአፍላጦን ተከታይ የሆነ ፈላስፋ፥ በማኒ ትምህርት ላይ የመቃወሚያ መጽሐፍ ጻፈ። የማኒ ሰዎች ለግሪክም የሚሆን ልብስ አዘጋጅተው ነበር፤ በመካከላቸው የተማሩት፥ ታይታኖች ዲዮኒሶስን ስለ መቈራረጣቸው የሚነገረውን የግሪክ ተረት እየጠቀሱ ብርሃን በጨለማ እንደ ተከፋፈለ ያስረዱ እንደ ነበር እስክንድር ይነግረናል። እሱ ግን በልብሱ አልተታለለም። እነዚህ ሰዎች በመጻሕፍታቸው ይታመናሉ እንጂ ማስረጃ አያቀርቡም ብሎ ወቀሳቸው፤ ቍስ አካልን ሥርዓት የሌለው እንቅስቃሴ ነው ማለታቸውንም ይዞ ቃሉን በቃል መረመረ።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን የነብሪዲዮስ ነው። ይህ ሰው የአውግስጢኖስ ወዳጅ ነበር፤ ጥያቄውንም አውግስጢኖስ በኑዛዜው መጽሐፍ ጽፎልናል። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ የብርሃን አምላክ ለመዋጋት እንቢ ቢል ኖሮ ጨለማ ምን ሊያደርገው ይችል ነበር? ሊጐዳው ይችል ነበር ቢሉ፥ አምላክ ሊጐዳ የሚችል ደካማ መሆኑ ነው። ሊጐዳው አይችልም ነበር ቢሉ፥ እንግዲያው ስለ ምን የገዛ ክፍሉን ለሥቃይ ላከ? በስድስተኛው መቶ ዓመትም የአቴናው ፈላስፋ ሲምፕሊኪዮስ በኤጲክጤጦስ መጽሐፍ ላይ በጻፈው ትርጓሜ ስለ ሁለት ሥሮች የሚያስተምሩትን ሲነቅፍ፥ አምላካቸውን ድንበሩ እንዳይነካበት ፈርቶ ያልበደሉ ነፍሳትን ለክፉው የወረወረ ፈሪ አድርገውታል ብሎ ይህንኑ ደገመ። እኔም አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ። ጨለማ ብርሃንን አይቶ ተመኘ ይላሉ። መልካሙን አይቶ የሚመኝ ግን ፈጽሞ ክፉ ሊሆን እንዴት ይችላል? የመልካም ፍቅር ያለው ሁሉ የመልካም ዘር አለው። ስለዚህ ጨለማ ተመኘ ባሉበት ቃል፥ ጨለማ ፍጹም ክፉ ነው ያሉትን ቃል ራሳቸው አፈረሱት።

አውግስጢኖስ ራሱ ዘጠኝ ዓመት ያህል የማኒ ሰሚ ሆኖ ኖሯል። ፋውስጦስ የተባለው ታላቁ መምህራቸው መጥቶ ጥያቄውን ሁሉ እንዲመልስለት ሲጠብቅ ቈየ። በመጣ ጊዜ ግን ንግግሩ ጣፋጭ፥ ዕውቀቱ ጥቂት ሆኖ አገኘው። ኋላ በሚላኖ ከተማ የአፍላጦን ተከታዮችን መጻሕፍት ባነበበ ጊዜ፥ ክፋት በራሱ የቆመ ባሕርይ ሳይሆን የመልካም ነገር ጕድለት መሆኑን ተረዳ። ዕውርነት የዓይን ብርሃን መጕደል እንጂ ዓይን ውስጥ የገባ ሌላ ነገር እንዳልሆነ ማለት ነው። ከዚህም ሁሉ የበለጠ የሚጠቅመን ቃሉ አንድ ነው፤ ይኸውም የማኒ ትምህርት ስለ ምን ደስ ይለው እንደ ነበረ መናገሩ ነው። የሚበድለው እሱ ሳይሆን በውስጡ ያለ ሌላ ባሕርይ ነው ብሎ ማሰብ ትዕቢቱን ደስ ያሰኘው ነበር። የትምህርቱ ሥር እዚህ ላይ ይገኛል።

እንግዲህ የቡድሃ ሃይማኖትና የግሪክ ፍልስፍና በብዙ ነገር የተለያዩ ሲሆኑ በአንድ ነገር ይስማማሉ። ሁለቱም ሰውን ክፋትን በገዛ ልቡና በገዛ አስተሳሰቡ እንዲፈልግ ይመልሱታል። ማኒ በሁለቱም ደጅ አለፈ፤ ከሁለቱም ቃል ወሰደ፤ ይህን ግን አልወሰደም።

ይሁን እንጂ ለማኒም ፍርድ ሳናጓድል መስጠት ይገባናል። ክፋት ጕድለት ነው የሚለው የግሪኮች መልስ ለአእምሮ ያበራል እንጂ ልብን አያሞቅም። ልጇ የሞተባት እናት፥ ይህ የጤና ጕድለት ነው ቢሏት አትጽናናም። ማኒ ሥቃይን በእውነት ያየ ሰው ነው፤ የሕፃኑንም ለቅሶ ከእግዚአብሔር ፈቃድ ጋራ ማዛመድ አልሆንልህ አለው። ያ ልብ የሚነቀፍ አይደለም። የተሳሳተው፥ ለአምላክ ጠበቃ ለመሆን ሲል አምላክን በምርኮኛነት ማስቀመጡ ላይ ነው።

ደግሞም የሰዎቹ ኑሮ ከትምህርታቸው የተሻለ እንደ ነበረ ምስክር አለ። ኡይጉሮቹ ኽዋስትዋኒፍት የሚባል፥ ሰሚዎች የሚናዘዙበት አሥራ አምስት ክፍል ያለው ጽሑፍ ነበራቸው። በርሱም አውቀንም ሳናውቅም በሐሳብ፥ በቃልና በሥራ በደልን እያሉ ይቅርታ ይለምናሉ። በትምህርታቸው መሠረት የበደለው ጨለማ ከሆነ የሚናዘዘው ማን ነው? ትምህርቱ፥ አንተ አይደለህም አለ፤ ልባቸው ግን፥ እኔ ነኝ ብሎ መለሰ። በግብፅ በዳኽላ በረሃ፥ በኬሊስ መንደር፥ ማቃርዮስ የተባለ የማኒ ተከታይ በአራተኛው መቶ ዓመት ለልጁ የጻፈው ደብዳቤ ተገኝቷል። መዝሙሩን እንዲያጠና ይመክረዋል፤ ከቤተ ሰቡም ደብዳቤዎች ውስጥ ናፍቆትና የቤት ጕዳይ የሞላበት ነው። ሥጋን የጨለማ ሥራ ነው የሚል ሃይማኖት የያዘ አባት፥ የሥጋው ክፋይ የሆነውን ልጁን እንዲህ ይወድ ነበር።

ነገሥታቱ ግን ለማኒ የሰጡት መልስ ሌላ ነው። ባህራም በሰንሰለት መለሰ፤ የቻይና መንግሥት በ843 ዓመት በእሳት መለሰ። በሮም አገር ዲዮቅልጥያኖስ በ302 ዓመት የማኒ መምህራን ከነመጻሕፍታቸው እንዲቃጠሉ አዘዘ። ይህን ሰው እኛ በሰማዕታት ታሪክ አሳምረን እናውቀዋለን፤ በሚቀጥለው ዓመት ያው እሳት በክርስቲያኖች መጻሕፍት ላይ ነደደ። በጎረቤት መጽሐፍ ላይ ሲነድ ደስ ያለን እሳት የእኛን መጽሐፍ የማይነካ አይምሰለን። ደግሞ ማስተዋል የሚገባው፥ እሳት መልስ አለመሆኑ ነው። የነብሪዲዮስ ጥያቄ ሰው ሳይገድል የማኒን ትምህርት ከሥሩ አናጋው። የዲዮቅልጥያኖስ እሳት ግን ሰውን ገደለ፤ ትምህርቱን አንድ ቃል አላረመውም። ከዚህም የከፋው፥ ሰውን የጨለማ ልጅ ነው ብሎ የሚያቃጥል ሰው፥ ተቃወምሁት የሚለውን የማኒን ትምህርት በሥራው ተቀብሏል።

ይህን ሁሉ ያተትሁት የሞተ ሃይማኖት ለመውቀስ አይደለም። ዛሬ ማኒን በስሙ የሚከተል ሰው ማግኘት አይቻልም፤ መልሱ ግን በየዕለቱ ንግግራችን ይሰማል። ሰው በደሉን ሲጠየቅ፥ ሰይጣን አሳስቶኝ ነው ይላል። በአስተማሪነት ዘመኔ ቀለም በደብተር ላይ ሲፈስ፥ ደፋሁት ያለኝ ልጅ ጥቂት ነው፤ ቀለሙ ተደፋ ነው የሚሉት። ቀለሙ በገዛ ፈቃዱ እንደ ተነሣ ያህል! ልጁ ሲያድግ ንግግሩም አብሮት ያድጋል። ሹሙ ገንዘቡ ጠፋ ይላል፥ ባል ቤቱ ፈረሰ ይላል፥ ሕዝብም ዘመኑ ከፋ ይላል። ማን አጠፋው፥ ማን አፈረሰው፥ ማን አከፋው የሚል ግን የለም። ጥፋቱን ጨርሰን ከራሳችን ባወጣን ጊዜ ደግሞ የምናሳርፍበት ሌላ ትከሻ እንፈልጋለን፤ ያ ጎሣ፥ ያ ሃይማኖት፥ ያ ወገን ጨለማ ነው፥ እኛ ብርሃን ነን እንላለን። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንደ ተባለው ነው።

ደፋሁት የሚል ልጅ ጨርቁን አንሥቶ ሊጠርገው ይችላል፤ ተደፋ የሚል ግን ቆሞ ያየዋል። ክፋት ከኔ ውጭ ያለ የጨለማ መንግሥት ከሆነ፥ ልሸሸው ወይም ልዋጋው እችላለሁ፤ ንስሐ ልገባበት ግን አልችልም። በደል በፈቃዴ የሠራሁት ከሆነ ያሳፍረኛል፥ ያሳዝነኛል፤ ነገር ግን የማረሙ ሥልጣን በእጄ ይቀራል። ማኒ ሰውን ከወቀሳ ነፃ አወጣሁ ብሎ ይህን ሥልጣን ወሰደበት። እኛም በደላችንን በሌላው ላይ በጣልን ቍጥር ይህንኑ ሥልጣን በገዛ እጃችን እንሰጣለን።